መጀመሪያ የተጠየቀው ደጃፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አሰላ ከተማ በሚገኘው በአዝመራ በር የዘር ማዘጋጃ ድርጅት ሦስተኛ መጋዘን ውስጥ አንድ ሽማግሌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ነበር። የገብስ ናሙና የሚወስዱበት የብረት ዘንግ ከጎናቸው ወድቋል፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ትንሹ የውስጥ በር ተዘርግቷል። ወደ በሩ ለመመለስ ሞክረው እንደነበር ላየ ሁሉ ግልጽ ነው፤ አልደረሱም።

ሟቹ አቶ ወልደጻድቅ ይባላሉ፤ የድርጅቱ የጥራት ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበሩ። መጋዘኑ ከሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነቀዝ ለመግደል በሚቀመጥ የእንክብል ጋዝ ታፍኖ ነበር። ክፍሉ ተከፍቶ ሳይናፈስ የገባ ሰው እንደማይወጣ በእህል የሚተዳደር የአርሲ ሰው ሁሉ ያውቃል። አቶ ወልደጻድቅ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ የድርጅቱን ሠራተኞች ይህን ያስተማሩት እሳቸው ናቸውና።

ኢንስፔክተር ፈይሩዛ ስትደርስ አስከሬኑን ከማየቷ በፊት በሮቹን አየች። መጋዘኑ ሁለት በር አለው። ትልቁ ወደ ግቢው የሚከፈት ሲሆን «መርዝ፤ አትግቡ» የሚል ቀይ ሰሌዳ ተንጠልጥሎበታል። ትንሹ መስተዋት ያለው በር ከላቦራቶሪው በቀጥታ ያስገባል፤ ቁልፉም በአቶ ወልደጻድቅ ኪስ ብቻ ይኖር ነበር። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በግቢው ዞረው መግባት ከተዉ ቆይተዋል። በዚህኛው በር ላይ ምንም ሰሌዳ የለም።

«ለምን?» አለች።

ሥራ አስኪያጁ አቶ አሰግድ አፍረው መለሱ። ደንቡን ያወጡት ሟቹ ራሳቸው ናቸው። «ሰሌዳ ነፋስ ይጥለዋል፤ ስክሪን ግን አይወድቅም» ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ትቶት የሄደ «ጎተራ» የሚባል ፕሮግራም አለ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ስላለ፣ ሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች እንደ ሸመገለች በቅሎ እየታከሙ ይኖራሉ። አቶ ወልደጻድቅ በአርሲ ተራሮች ስም ሰይመዋቸዋል፤ መዝገብ ሁሉ የሚከማችበት ዋናው «ጭላሎ»፣ የላቦራቶሪው «በዳ»፣ የመጋዘን ቢሮው «ቃቃ»። የጋዝ ሥራ ኃላፊው ኢብሳ እንክብሉን ሲያስቀምጥ በቃቃ ላይ «ዝግ» ብሎ ይመዘግባል። ላቦራቶሪ ያለው ሰው በበዳ ላይ ያንኑ ያያል፤ «ክፍት» ካለ ይገባል፣ «ዝግ» ካለ ይቀራል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ጭላሎ ላይ ወዳለው መዝገብ የሚደርሱት «ኤም» በሚባል ፊደል ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ኤም ላይ አለ» ይላል፤ «ሣጥኑ ውስጥ አለ» እንደሚባለው ያለ ጥርጥር።

የበዳ ስክሪን በዚያች ሰዓት እንዲህ ይላል፦ ክፍል ሦስት፣ ዝግ፣ ከሰኞ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ።

«ይኸው» አሉ አቶ አሰግድ። «ሳያዩ ገቡ። እርጅና ነው።»

የላቦራቶሪ ረዳቷ ሮሐ ከጥግ ቆማ ነበር። አስከሬኑን በበሩ መስተዋት ያየችው እሷ ናት፤ ጩኸቷን ሰምቶ ጭንብል አጥልቆ ሽማግሌውን ጎትቶ ያወጣው ኢብሳ ነው። አሁን ግን ድምፅዋ ቁርጥ ያለ ነበር።

«አይተዋል። እኔም አብሬ አይቻለሁ። ክፍት ነበር የሚለው።»

እንደ ሮሐ አነጋገር፣ አቶ ወልደጻድቅ ጠዋት ፕሮግራሙን ከፍተው የአንደኛውንና የሁለተኛውን ክፍል ርጥበት መዘገቡ። ቁጥሮቹን ያነበበችላቸው እሷ ናት፤ ኮምፒውተሩም «ተመዝግቧል» ብሏል። ከዚያ ሦስተኛውን ክፍል አዩ፤ «ክፍት» ይላል። ፕሮግራሙን ሳይዘጉ ቁልፋቸውን አንሥተው ተነሡ፤ ማክሰኞ ሁልጊዜ ከዚያ ክፍል ናሙና ይወስዳሉ። እሷ የናሙና ሣህኖችን ልታጥብ ሄደች።

ፈይሩዛ የርጥበቱን ገጽ አስከፈተች። የማክሰኞ ረድፍ ባዶ ነበር።

ይህ ባዶ ረድፍ የኢብሳን ዕጣ ወሰነ። የጣቢያው አዛዥ በዕለቱ የደረሱበት መደምደሚያ ቀላል ነው። ሮሐ ደንግጣ ቀኑን አምታታለች፤ ርጥበቱን መዘገቡ ያለችው ስላልተገኘ ቃሏ አይጸናም። ወይም ደግሞ በአንዱ ነገር ልክ ከሆነች፣ ጠዋት ስክሪኑ «ክፍት» ያለው ኢብሳ ሰኞ መመዝገብ ረስቶ ነው፤ ሰው ሲሞት ሮጦ የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ መዘገበ። ያም ሆነ ይህ ተጠያቂው ኢብሳ ነው። በቸልተኝነት ሰው መግደልና ማስረጃ ማጭበርበር፤ ለዓመታት የሚያሳስር ክስ። ላቦራቶሪው ታሸገ፤ ኢብሳም ከምሳ በፊት ወደ ጣቢያ ተወሰደ። አዛዡ ለፈይሩዛ ክሱ እስኪጻፍ ድረስ እስከ ዓርብ ብቻ ጊዜ ሰጧት።

ኢብሳ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ዕድሜው ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ ሰው ነው። ጣቢያው ውስጥ ስለ ራሱ አንድም ነገር አልለመነም። ሰኞ ዕለት መመዝገቡን ተናገረ፤ አላመኑትም፤ ደግሞ ተናገረ። ከዚያ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የጨረሰው ጥያቄ አነሣ።

«አንድ ነገር ነው የማይገባኝ። ያ ጋዝ ይሸታል፤ እንደ በሰበሰ ነጭ ሽንኩርት። በሩን ገርበብ ሲያደርጉ እንዴት አልሸተታቸውም? ማሎ፣ እባክሽ ኢንስፔክተር፣ ይህን ብቻ ጠይቂልኝ።»

ፈይሩዛ ይህን ጥያቄ በልቧ ያዘች። ጠዋት ከተናገሩት ሰዎች መካከል ይህን የጠየቀ ማንም አልነበረም።

ጌትነትን ያገኘችው ጭላሎ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። የድርጅቱን ዕቅድና ኮምፒውተሮች የሚመራው እሱ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ንጹሕ አለባበስ ያለው፣ ዐይኖቹ በልቅሶ የቀሉ ወጣት። አቶ ወልደጻድቅ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤታቸው አሳድገውታል። ጠዋት ሮሐ ስትጮኽ መጀመሪያ ወደ ላቦራቶሪው ከገቡት አንዱ ነበር፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሄዶ የተከፈተውን ፕሮግራም ዘግቶ እንደገና የከፈተው፣ «ዝግ» የሚለውንም ለሥራ አስኪያጁ ያሳየው እሱ ነው። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አሮጌ ነገር እያሳየ እንዳይሆን ብሎ እንደሆነ ተናገረ።

«እዚህም ልታሳየኝ ትችላለህ?»

ስድስት የላቲን ፊደላት ጻፈ፤ የፕሮግራሙን ስም። ተከፈተ።

«ስሙን ብቻ ስትጽፍ ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙ የት እንዳለ በምን ያውቃል?»

«ያውቀዋል። ኤም ላይ ነው ያለው» አለ፤ ቃላቱን እንደ ትሑት ተማሪ እያስተካከለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢብሳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቸልተኛ ነው እንጂ። ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንዳይጨከንበት እርስዎ ቢረዱት ደስ ይለኛል።»

በማግስቱ ከቀብር በኋላ ፈይሩዛ ወደ ለቅሶ ቤቱ ሄደች። ድንኳኑ ውስጥ ጌትነት ጥቁር ለብሶ ሰው ያስቀምጣል፣ ውኃ ያዞራል፣ ሽማግሌዎችን ይሸኛል፤ ያየው ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» ይላል። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ አበባ መርማሪዋን እጇን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቧት።

«የአብራኬ ክፋይ የለኝም» አሉ። «ይህን ልጅ ወላጆቹ ሲሞቱበት ባለቤቴ ከአቦምሳ አምጥቶ በጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝና ‹ልጃችን ነው› አለኝ። ዛሬ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? አንቺ ግን ያንን ኢብሳን እንዳትለቂብኝ።»

«ኢብሳ ነው ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ልጄ ነዋ።»

ፈይሩዛ የኢብሳን ጥያቄ አቀረበችላቸው። ወይዘሮ አበባ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። ባለቤታቸው በኮሮና ከታመሙ ወዲህ ማሽተት አይችሉም ነበር። የእህል ጥራት የሚመረምር ሰው እህል ማሽተት አይችልም መባሉ ስላሳፈራቸው ለማንም አልተናገሩም፤ የሚያውቁት እሳቸው፣ ጌትነትና በላቦራቶሪው እህሉን በድብቅ የምታሸትላቸው ሮሐ ብቻ ናቸው። ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ስትጠይቃቸውም፣ ቅዳሜ ዕለት ከሳጉሬ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ተመልሰው እራት ሳይበሉ መተኛታቸውን አስታወሱ።

ከለቅሶ ቤት ወጥታ ባጃጅ ያዘች። «ጎሚስታው ጋ አድርሰኝ» አለችው፤ መኖሪያዋ ከዚያ አጠገብ ነው። ሾፌሩ ግን በማታውቀው መንገድ ገብቶ አንድ አዲስ ቆርቆሮ ቤት ፊት አቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጎሚስታው ነዋ። ጎማ ጠጋኙ ከአሮጌው ቦታ ለቅቆ እዚህ ከገባ ከረመ እኮ።»

«ቀድሞ የነበረበትን ነበር ያልኩህ።»

«እትዬ፣ ስሙን ነገሩኝ፤ ወደ ስሙ አመጣሁዎት» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። «ቦታውን የፈለጉ ሰው ቦታውን ይናገራሉ።»

ፈይሩዛ አልሳቀችም። ሒሳቡን ከፍላ ወረደችና ጎማ ከተደረደረበት ግድግዳ አጠገብ ቆመች። ሮሐ ኮምፒውተሩ «ተመዝግቧል» ማለቱን አይታለች። ኮምፒውተር ያልጻፈውን ጻፍኩ አይልም። እንግዲያስ ቁጥሮቹ ተጽፈዋል። ነገር ግን ወደየትኛው ጎሚስታ?

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሮሐን አስጠራቻት። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አቶ ወልደጻድቅ ስለ እነዚህ ኮምፒውተሮች ምን ያስተምሩ እንደነበር። ሮሐ ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ።

«ጋሼ ፊደሉ ቤት አይደለም ይሉን ነበር። ‹ኤም ማለት ለቤት የተሰጠ ስም ነው፤ ስሙን አንሥታችሁ ሌላ ቤት ላይ ብትለጥፉት ኮምፒውተሩ ሳያቅማማ ወደዚያ ይሄዳል።› ደግሞ ስለ ፍለጋ ላም የጠፋችበትን ሰው ያነሡ ነበር።»

«ምን ብለው?»

«የፕሮግራም ስም ስትጽፊለት ኮምፒውተሩ ላም እንደጠፋችበት ሰው ነው። መጀመሪያ የቆመበትን ደጃፍ ይጠይቃል። እዚያ ካጣ በተሰጠው የመንገድ ዝርዝር መሠረት የሚቀጥለውን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን። ሞኝነቱ ግን መጀመሪያ ያገኛትን፣ ስሟ ብቻ ከመሰለው፣ የኔ ናት ብሎ ነድቶ መመለሱ ነው። ከኋላ ያለችውን እውነተኛይቱን አያያትም። ሁላችንም በዚህ እንሥቅ ነበር። ጌትነት ይህን ሲማር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር ይባላል።»

ፈይሩዛ ጌትነት ለዚያው ጥያቄ የሰጣትን አጭር መልስ አስታወሰች። የሚያውቀውን ሁሉ አልነገራትም።

«ማክሰኞ ጠዋት ጌትነት ፕሮግራሙን ዘግቶ ሲከፍት ከኋላው ነበርሽ?»

«እኔም አቶ አሰግድም። ከወንበሩ ጀርባ ተደግፈን ነበር።» ሮሐ አሰበች። «ብዙ ጻፈ። እኛ ስድስት ፊደል ጽፈን ነው የምንከፍተው። እሱ እጁ ሲሠራ ቆየ። ደንግጦ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ነው።»

ሐሙስ ፈይሩዛ በሚኒባስ ወደ ሳጉሬ ሄደች። የአዝመራ በርን ዘር ሰኔ ላይ የዘሩ ገበሬዎችን ስትጠይቅ ሁሉም ወደ አንድ ሰው መሯት፤ ነስረዲን ወደሚባሉ ሽማግሌ። በኦሮምኛ ተነጋገሩ። የአካባቢው ማሳ ሁሉ ለአጨዳ ደርሶ ወርቅ ሲመስል የነስረዲን ገብስ ግን እንደ ታመመ ሰው ፀጉር እዚህም እዚያም ብቻ ቆሟል። ዘሩ የመብቀል ፈተናውን አልፏል ተብሎ ነበር የተሸጠላቸው። ቅዳሜ አቶ ወልደጻድቅ መጥተው አፈሩን በጣታቸው ቆፍረው፣ ሳይበቅል የበሰበሰውን ዘር መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያም ጥፋቱ የድርጅታቸው መሆኑን፣ በላቦራቶሪ የወደቀን ዘር በኮምፒውተር ላይ «አልፏል» ያሰኘው ሰው ማን እንደሆነ ማወቃቸውን ተናገሩ። ስም ግን አልጠሩም።

«‹አሳልፌ አልሰጠውም፤ ራሱ በሰው ፊት ቆሞ ይናገር› አለኝ» አሉ ነስረዲን። «እስከ ሐሙስ፣ እስከ ገበሬዎቹ ስብሰባ ጊዜ ሰጥቶታል። ዛሬ ነው። እንደ አባት ነበር የሚናገረው።»

ከሳጉሬ እንደተመለሰች የላቦራቶሪውን ማሸጊያ አስከፍታ ጌትነትን ብቻ ጠራች። በዳን አስነሥቶ ጎተራን እንዲያሳያት ጠየቀችው። እሷ የተመለከተችው ስክሪኑን ሳይሆን እጆቹን ነበር። ፕሮግራሙ ያለ እንከን ተከፈተ።

ጌትነት ሲነሣ ኮምፒውተሩ ማርጀቱን፣ ኃይል ተቋርጦበት እንዳይጎዳ ለብቻው ቢፈትሸው እንደሚሻል ተናገረ። ብዙ ጊዜ አይወስድበትም አለ። ፈይሩዛ አመስግናው ክፍሉን መልሳ አሸገች።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። አቶ አሰግድ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ወይዘሮ አበባ ጌትነትን ተደግፈው ገቡ። ኢብሳ እጁ በካቴና ታስሮ ሲገባ ፊታቸውን አዞሩበት። ሮሐ ከመስኮቱ ሥር ቆመች።

ፈይሩዛ ረጅም መግቢያ አልሰጠችም።

«አቶ ወልደጻድቅ ስክሪኑን አይተው ነው የገቡት» አለች። «ሮሐ አልተሳሳተችም፤ ኢብሳም መዝግቧል። ሁለቱ እውነት ሊጣሉ የሚችሉት ኤም አንድ ቦታ ከሆነ ብቻ ነው። ሮሐ፣ ከዚህ ኮምፒውተር ላይ ጎተራን ክፈቺልን፤ እንደ ወትሮሽ።»

ሮሐ ተቀምጣ ስድስቱን ፊደላት ጻፈች። ፕሮግራሙ አልተከፈተም። ስክሪኑ ላይ የኔትወርኩ አድራሻ ሊገኝ አልቻለም የሚል መልእክት ወጣ። እጇን ከኪቦርዱ ላይ በድንጋጤ አነሣች።

«ትናንት ጌትነት በዚሁ ወንበር ተቀምጦ ያለ ችግር ከፈተው» አለች ፈይሩዛ። «ማክሰኞም እንዲሁ። ምክንያቱም ስሙን ብቻ አልጻፈም፤ ኤም ብሎ ጀምሮ እስከ ፕሮግራሙ ድረስ ሙሉውን መንገድ ጻፈ። በራሱ ክፍል ግን ስድስት ፊደል ነበር የጻፈው። ጌትነት፣ በዚህ ድርጅት ማንም ሙሉውን መንገድ የማይጽፍ ሲሆን አንተ በሟቹ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የምትጽፈው ለምንድን ነው?»

«ልማድ ነው» አለ ጌትነት።

«ልማድ ቢሆን በራስህም ወንበር ታደርገው ነበር።»

አቶ አሰግድ አልገባቸውም፤ ገባኝም አላሉ። «አጭሩ መንገድ እያለ ረጅሙን መሄድ ምን ወንጀል አለበት?» ብለው ጠየቁ።

«አጭሩ መንገድ ላይ ጉድጓድ መኖሩን የሚያውቀው የቆፈረው ሰው ብቻ ሲሆን ወንጀል ነው» አለች።

ከዚያ ደረጃ በደረጃ ገለጸችላቸው። ኮምፒውተሩ የፕሮግራም ስም ሲጻፍለት መጀመሪያ የሚጠይቀው የቆመበትን ደጃፍ ነው፤ ማለትም አቶ ወልደጻድቅ የሚሠሩበትን የራሳቸውን ፎልደር። እዚያ ምንም እንዳይኖር ይገባ ነበር፤ ፍለጋው አልፎ ኤም ላይ ያለውን እውነተኛ ጎተራ እንዲያገኝ። ነገር ግን አንድ ሰው እዚያ ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም ትንሽ የትእዛዝ ፋይል አስቀመጠ። ፋይሏ ሦስት ነገር ታደርጋለች። መጀመሪያ ኤም የሚለውን ስም ከእውነተኛው መዝገብ አንሥታ በሌላ ፎልደር ላይ ትለጥፋለች። ያ ፎልደር ኢብሳ ከመመዝገቡ በፊት የተገለበጠ መዝገብ ነው፤ ሦስተኛው ክፍል እዚያ ላይ አሁንም ክፍት ነው። ከዚያ ጎተራን ትከፍታለች። በመጨረሻም ፕሮግራሙ ሲዘጋ ኤምን ወደ ቦታው ትመልሳለች።

«ሟቹ ርጥበቱን መዘገቡ፤ ኮምፒውተሩም ተመዝግቧል አላቸው፤ አልዋሸም» አለች ፈይሩዛ። «የጻፉት ግን በሐሰተኛው መዝገብ ላይ ነበር። ለዚህ ነው በእውነተኛው ላይ የጠፋው። ፕሮግራሙን ሳይዘጉ ሄዱ፤ ስለዚህ ኤም ሐሰተኛው ቤት ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። አንድ ሰው መጥቶ መዝጋት ነበረበት። ማን ዘጋው?»

ሁሉም ወደ ጌትነት አዩ።

«ከዘጋው በኋላ ስሙን ቢጽፍ ፋይሏ እንደገና ወደ ሐሰተኛው ትወስደውና ‹ክፍት› የሚለው በሥራ አስኪያጁ ፊት ይወጣ ነበር። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ጻፈ። ፋይሏን ሊያጠፋት አልቻለም፤ ሁለት ሰው ከጀርባው ቆሟል፤ ከዚያም ክፍሉ ታሸገ። ይህን ኮምፒውተር እዚሁ ፊቱ ካልተቀመጠ በስተቀር ከሌላ ቦታ ሆኖ ሊነካው አይችልም። ጭላሎ ላይ የነበረውን ሐሰተኛ መዝገብ ግን በራሱ ክፍል ሆኖ አጠፋው። ዛሬ ሮሐ ስትሞክር ‹አድራሻው አልተገኘም› ያለው ለዚህ ነው። ትናንት ብቻውን ሊፈትሸው የለመነኝም ለዚህ ነው።»

ሮሐን ትንሿን ፋይል እንድትከፍት አዘዘቻት። ጥቂት መስመሮች ስክሪኑ ላይ ወጡ። በሁለተኛው መስመር ላይ የጭላሎ ስምና ማንም የማያውቀው የአንድ ፎልደር ስም ተጽፏል። አቶ አሰግድ በጭላሎ ላይ ፎልደር ከፍቶ ለኔትወርክ የማጋራት ፈቃድ ያለው ማን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ዐይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ አንድ ስም ብቻ ተናገሩ።

«ጋዙ ይሸታል» ቀጠለች ፈይሩዛ። «ገዳዩ ሽማግሌው እንደማይሸታቸው ማወቅ ነበረበት። ኢብሳ አያውቅም ነበር፤ እስር ቤት ተቀምጦ እንዴት አልሸተታቸውም ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው። ጌትነት ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀም፤ መልሱን ያውቃልና።»

ስለ ሳጉሬ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ዘሩን ያሳለፈው ጌትነት ነበር፤ ዕቅዱ እንዲሞላ፣ ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው እሱ እንዲሾም። አቶ ወልደጻድቅ ደርሰውበት ለማንም አልተናገሩም። ራሱ ተናዞ ስሙን እንዲያድን ቀን ሰጡት፤ ቀኑ ሳይደርስ ገደላቸው።

ጌትነት አልካደም። «ሳጉሬ ላይ ሰኔ የዘሩ ሰዎች ፊት አቁሞ ሊያዋርደኝ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «ልጄ እያለ።»

ኢብሳ ካቴናው ሲፈታለት የእጁን አንጓ አላሸም። «ጭንብሌን አጥልቄ ስገባ በሩን የያዝክልኝ አንተ ነህ» አለው። «‹ፍጠን› አልከኝ።»

ወይዘሮ አበባ ተነሥተው ወደ ኢብሳ ሄዱና ወደ ጉልበቱ ሊያጎነብሱ ሲሉ በሁለት እጁ ደግፎ አቆማቸው። «እማማ፣ እንዲህ አይሆንም» እያለ ይደጋግማል። አራት ቀን ሙሉ የረገሙት ሰው ትከሻ ላይ ተደግፈው ቆዩ። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረው በዝግታ ጠየቁ።

«ይህን ላም የጠፋችበትን ሰው ነገር ያስተማረው ባለቤቴ ነው አላችሁ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ጋዙ ደረቱን ሲይዘው፣ ስክሪኑ ክፍት ማለቱን እያስታወሰ፣ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያንንም ለማን እንዳስተማረ።»

ፈይሩዛ ወደ በሩ ምልክት ሰጠች።

ሁለት ፖሊሶች ጌትነትን ክንዱን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱት። ወይዘሮ አበባ ከፊቱ ቆሙ። እጃቸውን አንሥተው በልጅነቱ ለቤተ ክርስቲያን ሲያዘጋጁት እንደሚያደርጉት የሸሚዙን ኮሌታ አቃኑለት፤ ከዚያ እጃቸው በዚያው ቀረ።

«ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አሉ። «ብትዋሸኝም ግድ የለኝም። ሳያውቅ ነው የሞተው በለኝ።»

ጌትነት ከትከሻቸው በላይ አልፎ መስተዋት ያለውን ትንሽ በር ይመለከት ነበር።

«ጌትነት። ሳያውቅ ነው የሞተው በለኝ።»